በአንድ መርገጫ ወደ ባምባሲ

መኪና የተሠራው ሰው እንዲሳፈርበት ነው ወይስ ቆሞ እንዲያየው? ይህን ጥያቄ የልጄን ልጅ ሰራዊትን ሦስት ወር ሙሉ ጠይቄዋለሁ። እሱም ሦስት ወር ሙሉ "እማዬ፣ አንቺ አይገባሽም" ይለኛል። ይግባኝም አይግባኝም የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁና ያነበበ ይፍረደን።

ሰራዊት ላንድክሩዘር አለው። ከአሶሳ ካማሺ ሰውና ዕቃ ያመላልስባታል። ከፍ ያለች መኪና ናት፤ ወለሏ ብቻ ወገቤ ጋ ይደርሳል። ከመጣች ጀምሮ ግን በሁለቱም ጎኖቿ፣ ከበሮቹ ሥር፣ እንደ ጠባብ አግዳሚ የተዘረጋ የብረት መርገጫ ነበራት። ሰው መጀመሪያ እሱን ይረግጣል፣ እጀታውን ይይዛል፣ ከዚያ እንደ ወግ ይገባል። ባለቤቴ ታረቀኝ በሰባ አራት ዓመቱ ከዘራውን ለእኔ አቀብሎ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ጋቢና ወጥቶ ይቀመጥ ነበር።

ክረምት ላይ ልጁ ከካማሺ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። የሁለቱም መርገጫ ሆድ በድንጋይ ተቦጫጭሯል።

"ይሄ ነገር ከመሬት ጋር እያጣበቀኝ ነው። አወልቀዋለሁ" አለ።

"ድንጋዩን እያየህ አትነዳም?"

"እማዬ፣ መንገዱ ራሱ ድንጋይ ነው!"

"አያትህስ በምን ይወጣል?"

"እኔ እደግፈዋለሁ" አለ። እኔ እደግፈዋለሁ! ሳምንቱን ሙሉ ካማሺ የሚያድር ልጅ ነው እንግዲህ የሚደግፈው።

በዚያው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ተኛ። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ናፍጣ እያፈሰሰባቸው፣ እየተሳደበ፣ አንድ በአንድ ፈታቸው። እኔ ከፊት ለፊቷ ቆሜ "ተው ይቅር" እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ "እማዬ፣ ያዢልኝ" እያለ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ አወጣልኝ።

እኔ ምልክት ያላደረግሁበትን ዕቃ አላስቀምጥም። የእድራችን ድስት፣ ትሪና ወንበር በሙሉ በእኔ እጅ ነው የተጻፈበት። ለቅሶ ቤት የሄደ ሳህን ከሌላ እድር ሳህን ጋር ተቀላቅሎ የሚቀረው ምልክት ስለሌለው ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር ሚስማር እንኳ ብርቅ ነበር፤ ዕቃ መያዝን ያኔ ተማርሁ። ፊደልም የቆጠርሁት ያኔ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጀምሬ በማታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቄአለሁ። ስለዚህ በቀይ የጥፍር ቀለም በአንዱ መርገጫ ላይ "ቀኝ"፣ በሌላው ላይ "ግራ" ብዬ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ ጻፍሁ። ብሎኖቹንም በጨርቅ ቋጥሬ ሣጥኔ ውስጥ ከተትሁ።

ሰራዊት አይቶ ሳቀብኝ። "ይሄን ደግሞ ማን ይሰርቅሻል?"

"አንተ መልሰህ ስትፈልገው ታመሰግነኛለህ" አልሁት።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው አምባ የሩቅ ዘመዳችን ሞቶ ለቅሶ ሄድን። ስንሄድ ሰራዊት ደግፎ አወጣው፤ ደኅና። ስንደርስ ግን ልጁ ቁልፉን ነቅሎ እስኪዞር ድረስ ታረቀኝ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ተነሣ። እግሩ የለመደውን መርገጫ ፈለገ፤ መርገጫ የለም። እዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት በጉልበቱ ወደቀ። ሰው ሬሳውን ትቶ እሱን ሊያነሣ መጣ። እኔማ ዳሌው ተሰበረ ብዬ ከሟቹ ቤተ ዘመድ በላይ ጮህሁ።

አልተሰበረም፤ ጉልበቱ ግን አበጠ። ከዚያ ቀን በኋላ "እዚያች መኪና ላይ ደግሜ አልወጣም" አለ። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ይሄዳል፤ ባጃጅ ዝቅ ያለች ናት። ከዚያ የራቀውን ሁሉ ተወው። እኔ ሰራዊትን በየቀኑ "መልሰህ ግጠም" እለዋለሁ፤ እሱ "ከክረምት በኋላ" ይላል። ክረምቱ ወጣ። "መንገዱ ሲስተካከል" ይል ጀመር። ያ መንገድ እስኪስተካከል እኔም ታረቀኝም አንኖርም!

በጥቅምት ግን ነገር ተገለበጠ። ልጁ አንድ ማታ ራቱን አቅርቤለት እህሉን ያገላብጥ ጀመር።

"ምን ሆነሃል?" አልሁት።

"ደራርቱ 'ሽማግሌ ላክ' አለችኝ።"

ደራርቱን አውቃታለሁ። የባምባሲ ልጅ ናት፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚሁ ቢሮ ገብታለች። ቤታችን ስትመጣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ የምትገባ፣ ታረቀኝን እጅ ነሥታ የምትስም ልጅ። አባቷ አቶ ዳበሳ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ ገበሬና ነጋዴ ናቸው፤ ኩሩ ሰው ናቸው ይባላል።

ሰራዊት አባት የለውም። ልጄ የሞተው ይህ ገና አራት ዓመቱ ሳለ ነው፤ ያሳደግነው እኛ ነን። ስለዚህ ታረቀኝ በሽማግሌዎቹ ፊት ካልቆመ አቶ ዳበሳ "የልጁ አባት ማን ነው?" ሲሉ የሚመልስላቸው የለም። ከሰፈራችን አቶ ጁምዓ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩልን ደግሞ አቶ ሌንጂሳ አብረውት እንዲሄዱ ተነገራቸው። ቀኑም ለቅዳሜ ተቆረጠ።

"በሚኒባስ ሂዱ" አልኋቸው፤ "ሚኒባስ መርገጫ አለው።"

"እናቴ" አሉ አቶ ሌንጂሳ፣ "ጃርሱማ፣ ለሽምግልናው ማለቴ ነው፣ የምንሄደው ጎህ ሲቀድ ነው። አባወራው ከቤቱ ሳይወጣ ደጁ መገኘት አለብን። ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ዳበሳ እርሻው ላይ ውሎ ይገባል።"

"እንግዲያስ በርጩማ ይዛችሁ ሂዱና እሱን ረግጦ ይውረድ።"

ታረቀኝ አየኝ። "በርጩማ ተሸክሜ ልጅ ልለምን?" አለ። "አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ደግፎ እንደ ጆንያ ሲያወርደኝ ያየኝ አባት ልጁን ይሰጠኛል?"

ሰራዊት እንዳይደግፈውም ሌላ ጣጣ አለ። ሙሽራ በሽምግልና አይታይም። መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ልጁ ራሱ ሊነዳ፣ ግን ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ከመሪው እንዳይነሣ ተስማምተናል። አቶ ጁምዓና አቶ ሌንጂሳም ራሳቸውን የሚደግፍ የሚፈልጉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ታረቀኝ በገዛ እግሩ ወርዶ ዳበሳ ደጅ መቆም አለበት።

"መርገጫው የት አለ?" አለ ሰራዊት ሐሙስ ማታ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ምን እንዳልሁት አልጽፈውም።

ዓርብ ጠዋት መርገጫዎቹን መኪናዋ ውስጥ ጭኖ፣ እኔን ብሎን የቋጠርሁበትን ጨርቅ አስይዞ፣ ሻዕባን ጋራዥ ሄድን። ሻዕባን የበርታ ልጅ ነው፤ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው፤ እጁ የታወቀ ነው። እኔን ሲያይ "እማማ፣ አንተም መጣህ?" አለኝ። አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ብሎን ላይ ግን አንድ ቁጥር አይስትም።

"የመጣሁት እንዳትቸኩሉ ነው" አልሁት።

"ኸላስ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት ያልቃል።"

እያንዳንዱ መርገጫ ሦስት እግር አለው፤ እግሮቹ በብሎን ከመኪናዋ ሆድ ጋር ይያያዛሉ። ሻዕባን "ቀኝ" የሚለውን አየና በቀኝ በኩል ገባ። የፊተኛው እግር ያዘ። መካከለኛው ትንሽ ተንገራግሮ ያዘ። የኋለኛው ቀዳዳውን ስቶ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ቀረ።

"ይሄ እግር እምቢ አለ" አለ ከሥር።

"ተጣሞ ይሆናል፤ ድንጋይ መትቶታል" አለ ሰራዊት።

"ድንጋይ የመታው ሆዱን ነው፤ እግሩን አይደለም" አልሁ እኔ። "ጻፍሁት፣ አስቀመጥሁት፣ ማንም አልነካው!"

ሻዕባን እንደገና አየ። አንገቱን ነቀነቀ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ቀይዋን ጽሑፌን አይቶ ተወው። ከዚያ ሰራዊት "አስገድደው በቃ!" አለ። ልጁ ሁልጊዜ ማስገደድ ነው መልሱ። ሻዕባን መጀመሪያ መካከለኛውን ብሎን ላላ አድርጎ የኋለኛውን እግር በመዶሻ ወደ ቀዳዳው ገፋው፤ ከዚያ የመፍቻውን ጫፍ ረጅም ቱቦ ውስጥ ከቶ ጠመዘዘ። ቀጭ አለ። የብሎኑ ራስ መሬት ላይ ወደቀ። ቀሪው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

"ወይኔ!" አልሁ። "ሦስት ወር ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥሁት ብሎን!"

"እማዬ፣ እባክሽ!"

"እባክሽ ምን? ነገ እኮ ነው! ነገ!"

በዚህ መሐል አዛን ተጠራ። ሻዕባን ከሥር ወጣ፣ እጁን በሳሙና አጠበ፣ "ስመለስ ይፈታል፣ ኢንሻአላህ" ብሎ መርገጫውን በሁለት ብሎን ተንጠልጥሎ ትቶት ሄደ። ከሶላት አይቀር፤ መቅረትም የለበትም። ማንጎው ሥር በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ሰራዊትን በየደቂቃው ምን ሰዓት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ስልኩን ሳያይ "ሰባት" ይለኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰባት ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ቆመችና ታረቀኝ በከዘራው ተደግፎ ወረደ። ምሳ በሳህን ቋጥሮ ይዞልን ነው። ምሳውን አስቀመጠና መኪናዋን ዞሯት፤ ተንጠልጥሎ የቀረውን መርገጫ በከዘራው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ መሬት ላይ ወዳለው ሄዶ እሱንም አየው። ይህ ሰው ዝም ሲል ያስፈራኛል።

ሻዕባን ከሶላት ሲመለስ ጠብቆ ነው የጠየቀኝ።

"ብዙወርቅ፣ ይህን ስትጽፊ የት ቆመሽ ነበር?"

"ከመኪናዋ ፊት ለፊት።"

"ፊትሽ ወዴት ነበር?"

"ወዴት ይሆናል? ወደ እሷ ነዋ!"

"እንግዲያስ እዚህ ላይ የተጻፈው ያንቺ ቀኝ ነው። የመኪናዋ አይደለም።"

ሰራዊት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ዞረ። የሚስቅ መሆኑን ትከሻው ነገረኝ።

"ሻዕባን" አለ ልጁ ሳቁ ሲለቀው፣ "አንተ እንኳ አላየህም?"

"ወላሂ አይቻለሁ!" አለ ሻዕባን። "እግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አይቻለሁ። ግን ተጽፏል! እማማ የጻፈው ነው። የእናንተ እድር ሳህን፣ የእናንተ እድር ድስት፣ ሁሉ ሰው እሱ በጻፈው ይሄዳል። እኔ ከጽሑፍ ጋር ልጣላ?"

"ጽሑፉ ምንም አልሆነም" አልሁ። "እኔ በቆምሁበት ቆሞ ያነበበ አይሳሳትም።"

ታረቀኝ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። ቢሆንም ማንም ሳያየኝ ቀዩን ጽሑፍ በጥፍሬ ልፍቀው ሞከርሁ። ጥሩ ቀለም ነው፤ አልለቀቀም።

ሻዕባን የተንጠለጠለውን አውርዶ ወደ ግራ ወሰደው። ሦስቱም እግር ቀዳዳቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ብሎኖቹ በጣት ብቻ እየተጠመዘዙ ገቡ፤ መፍቻው የተፈለገው መጨረሻ ላይ ለማጥበቅ ነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሰራዊት ወጥቶ ዘለለበት፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ታረቀኝ ግን አልወጣም። "ነገ" አለ።

ቀሪው የቀኙ ነበር። ተሰብሮ የቀረው ብሎን በመሰርሰሪያ ካልወጣ በዚያ በኩል መግጠም አይቻልም። ሻዕባን የመሰርሰሪያውን ገመድ ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ዝም አለ። ቀና ብሎ የጎረቤቱን ሱቅ አየ፤ እዚያም ጨለማ ነው። መብራት ሄዷል። ግድቡ ከእኛው ክልል ነው፤ መብራቱ ግን ለመሄድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው ከእኛው ሰፈር ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም።

"በሁለቱ እግር ብቻ ይያዝ" አለ ሰራዊት።

ሻዕባን ራሱን ነቀነቀ። "ሽማግሌ ይረግጣል፤ ብረቱ ይዘነበላል፤ ሽማግሌ ይወድቃል። እኔ አልሠራም።" ስለዚህ ቃሉ መርቄዋለሁ።

ቤት ስንገባ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። መርገጫ ያለው በግራ፣ በነጂው በኩል ብቻ ነው። ጋቢና ደግሞ በቀኝ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ በጋቢና ካልሄደ ምን መሪ ነው? አቶ ሌንጂሳ ተጠሩ፤ አቶ ጁምዓ ተጠሩ። በስተመጨረሻ ታረቀኝ ከሰራዊት ኋላ እንዲቀመጥ፣ አቶ ሌንጂሳ ጋቢና እንዲሆኑ ተወሰነ። አቶ ሌንጂሳ ሦስት ጊዜ "የእሱን ቦታ አልቀማም" አሉ። በአራተኛው እሺ አሉ።

እኔም ልሄድ ነው ስል ሁሉም ቀና አሉ።

"ብዙወርቅ፣ ሴት በሽምግልና አትሄድም" አለ ታረቀኝ።

"ለሽምግልና አይደለም። ለጉልበትህ ነው የምሄደው።"

"ዳበሳ ቢያዩሽስ?"

"ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። አያዩኝም።"

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። አቶ ጁምዓ ሱብሒ ሰግደው መጡ፤ አቶ ሌንጂሳ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ታረቀኝ ግቢ ውስጥ በግራው በር ፊት ቆመ። ከዘራውን ሰጠኝ። እጀታውን ያዘ። እግሩን አነሣና መርገጫው ላይ አደረገ፤ ግን ክብደቱን አልጣለበትም። እግሩን መልሶ አወረደ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገው። ለመደገፍ እጄን ስዘረጋ ሳያየኝ "እንዳትነኪኝ" አለ። በአራተኛው ወጣ። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ሄጄ ዓይኔን ጠረግሁ፤ አቧራ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ሰራዊትን "ቀስ" እለዋለሁ። አስፋልት ነው፣ ባዶ ነው፣ ልጁም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ቢሆንም "ቀስ" አልሁት። አቶ ጁምዓ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ "እናታችን፣ ከዚህ የዘገየን እንደሆን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደርሳለን" አሉ።

ባምባሲ ስንገባ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል። የአቶ ዳበሳ ግቢ በመንገዱ ቀኝ ነው፤ ቆርቆሮ በር፣ አጥሩ ቀርከሃ። ደጁ ተከፍቷል፤ መኪና የሰሙ ሁለት ሰዎች ብቅ ብለው ቆመዋል። ሰራዊት በሩ ፊት አቆመና ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ድረስ አወረደው።

መጀመሪያ አቶ ሌንጂሳ በቀኝ በር ወረዱ። መርገጫ በሌለው በኩል ነው እንግዲህ። የጋቢያቸው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር ተያዘ፤ እሳቸው መሬት ደረሱ፣ ጋቢው መኪና ውስጥ ቀረ። ደጅ የቆሙት ሰዎች ዓይን በሙሉ እሳቸው ላይ ሆነ። እሳቸው ጋቢያቸውን እየሳቡ "አካም ቡልተን!" ብለው እንዴት አደራችሁ ይላሉ፤ ሰዎቹም ሳቃቸውን እያፈኑ ይመልሳሉ።

በዚያች ደቂቃ በግራ በኩል፣ መኪናዋ በጋረደችው፣ ማንም በማያየው፣ ታረቀኝ በሩን ከፈተ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እጀታውን ያዘ። እግሩ ወደ ታች ወረደ። ፈለገ። እጄ ሳላዝዘው ተዘረጋ፤ ጎትቼ መለስሁት። ሰራዊት በመስታወት ያያል። እግሩ ብረቱን አገኘ። ቀስ ብሎ ክብደቱን ጣለ። ሁለተኛው እግር መሬት ነካ።

ቆመ። ከዘራውን አቀበልሁት። ኮቱን አራገፈ። ከዚያ መኪናዋን በኋላ በኩል ዞሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዕድሜውን ሁሉ ከመኪና ሲወርድ እንደኖረ ሰው ወደ ደጁ ሄደ። አቶ ጁምዓም በዚያው ወርደው ተከተሉት።

እኔና ሰራዊት ቀረን። እሱ ባርኔጣ ውስጥ፣ እኔ ነጠላ ውስጥ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ደጅ ላይ ቆመው ቆዩ፤ "ቁጭ በሉ" ሲባሉ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። አቶ ዳበሳ ወጡ። ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉም ገቡና በሩ ተዘጋ።

"ምን እያሏቸው ይሆን?" አለ ሰራዊት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? መርገጫውን ባታወልቅ ኖሮ አሁን በሰላም እጠብቅ ነበር።"

"እማዬ፣ አሁንም?"

"አሁንም!"

ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ስትወጣ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ወጡ፤ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። አቶ ዳበሳ ሊሸኙ አብረው ናቸው። ታረቀኝ በኋላ እንደነገረኝ መልሱ ደንበኛው መልስ ነበር፤ "ዘመድ ይምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።" እምቢም እሺም አይደለም።

እኛ የፈራነው ግን አሁን መጣ። አቶ ዳበሳ ታረቀኝን ክንዱን ይዘው መኪናዋን ዞሩ፤ እስከ ግራው በር ድረስ። እንዳያዩኝ ብዬ ወደ መቀመጫው ሥር ዝቅ አልሁ። በሩ ተከፈተ። ታረቀኝ በፊታቸው አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ፤ ወጣ፤ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ነው። አልተመለሰም።

አቶ ዳበሳ ግን አልሄዱም። ጎንበስ ብለው መርገጫውን አዩ። ቀዩን ጽሑፍ በጣታቸው ነኩ።

"ይህ የመኪናዋ ግራ ነው" አሉ። "'ቀኝ' ብሎ የጻፈበት ማን ነው?"

አቶ ሌንጂሳ ሳሉ። ሰራዊት ባርኔጣው ውስጥ ጠፋ። ነጠላዬን ገለጥሁ፤ ምን ላድርግ?

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አልሁ። "ከፊት ቆሜ ስለጻፍሁት ነው። ለጉልበቱ ፈርቼ ነው የመጣሁት እንጂ ለሽምግልናው አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አቶ ዳበሳ አዩኝ። ከዚያ መሪው ላይ ያቀረቀረውን ባርኔጣ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ዞረው የቀኙን ጎን አዩና ተመለሱ።

"በዚያኛው በኩል የለም?"

"አለ። ብሎን ተሰብሮ ነው። ሰኞ ይገጠማል" አልሁ።

"ይገጠም" አሉ። "እናቴ ዘጠና ዓመቷ ነው። ከሰው ኋላ መቀመጥ አትወድም፤ በጋቢና ነው የምትሄደው። ያለ መርገጫ አትወጣም።"

ይህን ብለው በሩን ዘጉልንና ገቡ።

አቶ ሌንጂሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጋቢና ወጡ። ከባምባሲ እስክንወጣ ማንም የዘጠና ዓመቷን እናት ነገር አላነሣም፤ ቀጠሮው የሁለት ሳምንት ነውና እሺታውን እንዳልሰማን ሆንን። አቶ ጁምዓ ብቻ መቁጠሪያቸውን ትተው በመስኮቱ እያዩ ፈገግ ይላሉ። ታረቀኝ ጉልበቱን ያሻሻል። ሰራዊት ባርኔጣውን አውልቆ ጣለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"እማዬ" አለ ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ "የቀኙንም አስገጥማለሁ፤ እሺ። ግን ከሰርጉ በኋላ ሁለቱም ይወልቃሉ፤ የካማሺ መንገድ እኮ..."

"ዝም ብለህ ንዳ" አልሁት። "ቀስ ብለህ።"